ጃርት፣ ስኳርና የተገለበጠው ሙቀጫ

ተቀመጥ ብላችሁኛልና ተቀመጥኩ። ያስቀመጣችሁኝ ግን ሙቀጫ ላይ ነው። ሙቀጫውን ገልብጣችሁ፣ ቁርበት ጣል አድርጋችሁበት፣ "እንግዳ ነህ፣ ከፍ በል" አላችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ሻዩንም ቀምሼዋለሁ። ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሣ ማንኪያው ብቻውን ሊቆም ምንም አልቀረው።

እኔ ሙቀጫ ስቀርጽ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የተገለበጠ ሙቀጫ ሳይ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ተረት ለሙቀጫ ያደላል፤ ቅር የሚለው ካለ ሻዩን ይጠጣ። ልጆች ቅረቡ። እናቶች ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ ቅረቡ።

ያኔ እንስሳ ሁሉ አፍ ነበረው፣ ዕቃም አፍ ነበረው። የሚሰማ ጆሮ ግን እንደ ዛሬው ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ተራራ ነበር። አናቱ ሜዳ ነው፤ አምባ ይሉታል። አምባው ላይ ትላልቅ ዝግባዎች ነበሩ፣ ዝግባዎቹ ላይ ደግሞ ጉሬዛዎች ይኖሩ ነበር። ጉሬዛን ታውቁት የለም? በጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ የደረበ፣ መሬት መርገጥ የሚጠየፍ የዛፍ ላይ ጌታ። ከተራራው ሥር ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው። እዚያ ጃርት ነበረች፣ ቆቅ ነበረች፣ ፍልፈል ነበረ፣ አንዲት አሮጊት አህያም ነበረች። የላይኞቹ የታችኞቹን ስም አያውቁም ነበር። "እነዚያ ታች ያሉት" ይሏቸው ነበር።

ታች ያሉት ድሆች ናቸው፤ ግን አንድ ወግ ነበራቸው። ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ካለው አንድ ጭብጥ ይዞ ይመጣል። ከቤቱ ካለው ነው ያልኩት። ቆቅ ያልታቀፈችውን እንቁላል ታመጣለች፣ ፍልፈል ጎደሬ ያመጣል፣ አህያ ከጭነት ላይ የተራገፈ ገብስና ባቄላ ታመጣለች። ገብሱና ባቄላው አራሷ ቤት ባለው የወይራ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ጎደሬው ይቀቀላል፣ እንቁላሉ ይመታበታል፣ ሁሉም አንድ ላይ ገንፎ ይሆናል። አራሷ ከዚያ በልታ ጡቷ ይሞላል። ልጅም ምግብ ሲጀምር ከዚያው ይጎርሳል። ይህን ወግ "ጭብጥ" ይሉት ነበር።

ጃርቶች ደግሞ ሌላም ወግ ነበራቸው። የጃርት ልጅ ስትወለድ እሾኋ እንደ እርጥብ ሣር ለስላሳ ነው። በየወሩ መጨረሻ እናቷ ወደ ሙቀጫው ትወስዳትና አንዷን እሾህ በሙቀጫው ከንፈር ላይ ታንኳኳለች። እሾሁ ከደረቀ "ቀጭ" ይላል። ካልደረቀ "ጥፍ" ይላል። ይህ ጨዋታ አልነበረም። ክረምቱ አልቆ ጉሙ ሲገፈፍ አያ ጅቦ በገደሉ በኩል ወርዶ የጃርትን ልጅ እሾህ ይፈትናል። እስከዚያ ድረስ እሾኋ ካልደረቀ ጃርት ልጅ የላትም።

እመት ጃርት ባሏ ወጥመድ ውስጥ የቀረባት ሴት ነበረች። ሰኔ ሲገባ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም አለኝታ አለቻት። ከእሷ በቀር ማንም የላትማ!

ጃርትን እዚያው አራስ ቤት እንተዋትና እስቲ ወደ አምባው እንውጣ።

አንዲት የነጋዴ በቅሎ አምባው ላይ ደንብራ ጭነቷን ጥላ ሸሽታ ነበር። ጭነቱ ስኳር ነው። ጉሬዛዎቹ አንስተው ቤታቸው አስገቡት። ስኳር ነጭ ነው፣ አንደበቱ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። "እዚህ ቤት ጌታ እሆናለሁ" ብሎ ገባ። ግን ጉሬዛዎች ቤት ፍሬ አለ፣ ቅጠል አለ፣ እንቁላል አለ፣ ባቄላ አለ። ሁሉንም በልተው ከጠገቡ በኋላ ነው "እስቲ ስኳሩን አቀብሉን" የሚሉት። ጫፉን ቆንጠር አድርገው ይልሱና ይረሱታል።

ስኳር ከፋው። አንድ ቀን ባቄላን ጠየቀው።

"አንተ ደረቅ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከእኔ በፊት የምትቀርበው?"

"እኔ ከሌለሁ ስለሚርባቸው።"

"እኔ ከሌለሁስ?"

"አንተ ከሌለህ ምንም አይሆኑም" አለ ባቄላ። ሊሰድበው አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ስኳር ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። "ባቄላ ባለበት ቤት እኔ እንግዳ ነኝ። ባቄላ በሌለበት ቤት ጌታ ነኝ" አለ። ከዝግባው ላይ ሆኖ ቁልቁል አየ። ታች ያሉት ቤትም ባቄላ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ነገር ደግሞ ቶሎ ከቤት ይወጣል።

ወደ ጉሬዛዎቹ እመቤት ሄደ።

"እሜቴ፣ እንቁላል ይወዳሉ?"

"እወዳለሁ።"

"ጎደሬስ ይወዳሉ?"

"እወዳለሁ።"

"ባቄላስ?"

"ምነው ዛሬ ጥያቄ አበዛህ?"

"እኔን ወደ ታች ይላኩኝ። ከእኔ ቆንጠር እያደረጉ ይስጧቸው። እነሱ ያላቸውን ሁሉ ተሸክመው እዚህ ድረስ ያመጡልዎታል።"

እሜቴ ጉሬዛ ክፉ አልነበረችም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፉ ብትሆንማ ተረቱ ይቀልልኝ ነበር። "እውነትም፣ እነዚያ ታች ያሉት እንዲህ ያለ ነገር መች ቀምሰው ያውቃሉ? ይቅመሱ እንጂ፤ ደስ ይላቸዋል" አለችና ላከችው።

ስኳር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ቁልቁል ተንከባለለና ወደ ጃርት ቤት የሚወስደው መንገድ ዳር ተቀመጠ። መጀመሪያ ቆቅ መጣች፤ ሁለት እንቁላል በሣር ጠቅልላ ይዛለች።

"እትዬ ቆቅ፣ ወዴት ነው?"

"ጃርት ወልዳለች። ልጠይቃት ነው።"

"በእንቁላል?"

"አዎ በእንቁላል። ምነው?"

"ምንም። ብቻ ላይኞቹ አራስ ሲጠይቁ እንቁላል አይዙም። እንቁላልማ ማን ቤት ይጠፋል? እነሱ የሚሄዱት እኔን ይዘው ነው። ደግሞስ እህትሽ በዕድሜዋ አንድ ቀን ብትከበር ምን አለበት? እንቁላሉን ለእሜቴ ጉሬዛ ብትሰጫት ከእኔ ቆንጠር አድርጋ ትሰጥሻለች።"

ቆቅ እንቁላሎቿን አየች። ጠዋት ስታነሣቸው ንጹሕ ነበሩ፤ አሁን አፈር የነካቸው መሰላት። አፈረች። ዳገቱን ወጥታ እንቁላሎቹን ለእሜቴ ጉሬዛ ሰጠችና በኮባ የተጠቀለለ ስኳር ይዛ ወረደች።

ቀጥሎ ፍልፈል መጣ፤ እያለከለከ ነው።

"አያ ፍልፈል፣ ምን ተሸክመሃል?"

"ጎደሬ ነው። ሦስት ቀን ቆፍሬ ያወጣሁት።"

"ሦስት ቀን! ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይላጣል፣ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል።"

"እንጨቱን ማን ይለቅማል? ውሃውን ማን ይቀዳል? አራሷ? አይ አያ ፍልፈል፣ ልትጠይቃት ነው ወይስ ሥራ ልታበዛባት? እኔ አልላጥ፣ አልቀቀል፣ አልወቀጥ። አፍ ውስጥ ገብቼ በራሴ እቀልጣለሁ።"

የፍልፈል ዓይኑ እምብዛም አያይም፤ ጥፍሩ ግን እንደ ዛለ ያውቀዋል። ጎደሬውን ዳገት ለዳገት ገፍቶ አምባው ላይ አደረሰና እሱም ስኳር ይዞ ወረደ።

ሦስተኛ አሮጊቷ አህያ መጣች። ገብስና ባቄላዋን በትንሽ ስልቻ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስኳር ለእሷ ብዙ አላወራም። ኮባውን ገለጥ አደረገና "እማማ፣ እስቲ አንዴ ይላሱኝ" አላት።

ላሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ማር፣ የሰው ጠጅ፣ የሰው ሙዝ በጀርባዋ አመላልሳለች፤ ምላሷ ላይ የደረሰ አንድም ነገር የለም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ይህን ያህል ዘመን የት ነበርክ?" አለችው።

ምን ትሏታላችሁ? እኔ በአህያዋ መፍረድ አልችልም። እሷም ወጣች፤ እሷም ይዛ ወረደች።

ሦስቱም ጃርት ቤት ገቡ። ሦስቱም የኮባውን ቅጠል ፈቱ። እመት ጃርት ከመኝታዋ ቀና ብላ ስታይ ቤቷ ነጭ በነጭ ሆኗል።

"ለእኔ ነው? ይህ ሁሉ ለእኔ?" አለችና አለቀሰች። እንዲህ ያከበራት ሰው አልነበረማ። ስኳሩን የምታስቀምጥበት ክብር ያለው ቦታ አጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና ወይራውን ሙቀጫ ገለበጠችው። ታጥቦ ጭብጡን ሲጠብቅ የነበረውን ሙቀጫ ገልብጣ ስኳሩን ከላዩ ላይ አስቀመጠችው።

"ጃርት፣ የምወቅጠውስ?" አለ ሙቀጫው ከሥር ሆኖ።

"ዛሬ የሚወቀጥ የለም አባባ ሙቀጫ። ዕረፍ" አለችው።

ስኳር ከላይ ተመችቶት ተቀመጠ። ጃርት ስኳሩን በውሃ እየበጠበጠች ጠጣች፤ ለልጇም በጣቷ እያስነካች አላሰቻት። አለኝታ ሳቀች። ልጅ ሲስቅ የማይሸነፍ እናት የለ፤ ጃርትም ደጋግማ አላሰቻት።

የሰኔ ወር አለቀ። ጃርት ልጇን ይዛ ወደ ሙቀጫው ቀረበችና አንዷን እሾህ በጎኑ ላይ አንኳኳች።

ጥፍ።

"ገና ነው። ምን በላች?" አለ ሙቀጫው።

"ስኳር።"

"ሌላስ?"

"ስኳር በውሃ።"

"ሌላስ?"

"አንተ ደግሞ! ጉንጯን አታይም? እንዴት እንደሞላ አታይም?"

"ጉንጯን ጅቡም ያየዋል" አለ ሙቀጫው።

ጃርት ተቀየመች። "አንተ ሥራ ስለፈታህ ነው የምትበሳጨው" አለችው። እውነትም ሥራ ፈትቶ ነበር፤ የተናገረው ግን ለዚያ አልነበረም።

የጎረቤቶቹ ስኳር አለቀ። አለኝታ አለቀሰች። ጃርት ጥቂት ባቄላ በጎታዋ ነበራት፤ ቆልታ አኝካ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ተፋችው። ቀቅላ ሰጠቻት፤ ተፋችው። ሙቀጫውን አቅንታ ወቅጣ እንዳትሰጣት ኩራት ያዛት፤ ሙቀጫውን አኩርፋዋለቻ! የልጅ ለቅሶ ደግሞ አይቻልም። ባቄላውን ግማሹን ሰፍራ በቆቅ እጅ ወደ አምባው ላከች። ቆቅም ስኳር ይዛ ተመለሰች። አለኝታ ዝም አለች።

የሐምሌ ወር አለቀ። ጃርት ልጇን ይዛ ቀረበች፤ አንኳኳች።

ጥፍ።

"ገና ነው። ምን በላች?"

ጃርት የልጅቷ የፊት ጥርሶች ሥራቸው መጥቆሩን አይታ ነበር። የጃርት ልጅ ጥርሷ ከጠቆረ ሥር መቆፈር እንደማትችልም ታውቃለች። ያወቁትን ነገር መስማት ግን ያናድዳል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሙቀጫውን እየገፋች ከቤት አወጣችውና ዝናብ ላይ ጣለችው። "እስቲ እዚያ ሆነህ ጠይቅ!" አለችው።

ዝናቡ ነሐሴን ሙሉ ወረደበት።

በዚህ መሐል ቆቅም ፈልፍላ ነበር፤ ለጫጩቶቿ ጠያቂ ሁሉ ስኳር ይዞ መጣ። ለፍልፈል ሚስትም እንዲሁ። ወግ ነዋ! ሌላው ስኳር ካመጣ እኔ በባዶ ጎደሬ እንዴት እሄዳለሁ እየተባለ፣ ታች ያለው ሁሉ ከጎታው እየጨለፈ ወደ አምባው ያወጣ ጀመር። ጭብጥ የሚለው ወግ አልቀረም፤ ጭብጡ ውስጥ ያለው ነው የተለወጠው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አለኝታ መሮጥ አቆመች። ትንሽ ትሄድና ትቀመጣለች። ጉንጯ እንደሞላ ነው፤ እግሯ ግን አይሸከማትም። ጃርት "ምናልባት ስኳሩ አንሷት ይሆናል" አለች። የቀራትን ባቄላ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጠርጋ ስልቻ ውስጥ ከተተችና፣ ልጇን ለአህያዋ አደራ ብላ፣ ዳገቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ወጣች።

አምባው ላይ ስትደርስ ጉሬዛዎች ማዕድ ላይ ነበሩ። ጃርት ከዝግባው ሥር ቆማ ጠበቀች። ስትጠብቅ አየች። ማዕዱ ላይ እንቁላል አለ፤ ነጠብጣቡን ታውቀዋለች፣ የቆቅ ነው። ጎደሬ አለ፤ የፍልፈል ጥፍር የቧጨረው ቦታ ሳይቀር ይታያል። የገብስ ገንፎ አለ። ባቄላ አለ፤ በነጭ ዕቃ፣ በቅቤ ታሽቶ። ባቄላው አያትና አወቃት፤ አፍሮ ቅቤው ውስጥ ተደበቀ።

የጉሬዛ ልጆች እየተሻሙ በሉ። በልተው ሲያበቁ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለሉ። ካባቸው ያበራል። አንዷ ልጅ በሰኔ የተወለደች ናት፤ የአለኝታ እኩያ። ጃርት ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታት።

እሜቴ ጉሬዛ አየቻት። "እንዴ፣ ከታች ነሽ? ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል? ስኳር ፈልገሽ ነው አይደል?"

"አዎ እሜቴ።"

"እንዴት ይወዱታል! እሰጥሻለሁ፤ አብዝቼ ነው የምሰጥሽ።"

"እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"የእርስዎ ልጆች ስኳር አይበሉም?"

እሜቴ ጉሬዛ ሳቀች። "ለምን አይበሉም? ይበላሉ እንጂ፤ ከበሉ በኋላ።"

ጃርት ሰማች። ከበሉ በኋላ። እሷ ቤት "ከበሉ በኋላ" የሚባል ነገር አልነበረም። ስልቻዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"እሜቴ፣ ባቄላዬን ይዤ ልመለስ።"

"ምን ያደርግልሻል? ባቄላ እኮ ነው። እኔ ስኳር እየሰጠሁሽ!"

"ልጄ አልበላችም" አለች ጃርት።

እሜቴ ጉሬዛ አልገባትም። እውነቴን ነው፣ አልገባትም፤ የሚበላ ሰጥታ "አልበላችም" ሲሏት እንዴት ይግባት? ጃርት ግን መልሷን አልጠበቀችም። ቁልቁለቱን ስትሮጥ ጉሙ ከአምባው ጫፍ መገፈፍ ጀምሮ ነበር።

እንደደረሰች ዝናብ ላይ የጣለችውን ሙቀጫ እየጎተተች ወደ ቤት አስገባች። አቀናችው። በነጠላዋ ጫፍ ውስጡን ጠረገችለት።

"ይቅር በለኝ አባባ ሙቀጫ።"

"እሱ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጅቷን አምጪያት" አለ።

አንኳኳች። ጥፍ።

"ገና ነው" አለ ሙቀጫው። "ምን በላች?" ብሎ ግን አልጠየቃትም። ለዚህ ነው እኔ ሙቀጫ የምወደው።

ጃርት ደጅ ወጥታ ጮኸች። "ጭብጥ! የጎረቤት ያለህ፣ ጭብጥ! ከቤታችሁ ያለውን!" ቆቅ አንዲት እንቁላል ይዛ መጣች። ፍልፈል የጣት ያህል ጎደሬ ይዞ መጣ። አህያዋ ከስልቻዋ ስፌት ውስጥ አራግፋ ያገኘችውን ገብስ አመጣች። ቤታቸው የቀረው ይህ ነበር። ሲመጡም ልጆቻቸውን አስከትለው ነው፤ ያን ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ። የቆቅ ጫጩቶች ላባቸው ተበጣጥሷል። የፍልፈል ልጆች ጥፍር እንደ ወረቀት ይጣጠፋል። እያንዳንዱ "የኔ ልጅ ብቻ ናት" ብሎ ደብቆት ነበር የኖረው።

ወቀጡ። ቀቀሉ። መቱ። አለኝታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ተፋችው። ሁለተኛውን ተፋችው። ሦስተኛውን ጃርት በግንባሯ ግንባሯን ደግፋ፣ "የኔ ዓለም፣ ለእኔ ስትይ" ብላ አጎረሰቻት፤ ዋጠችው። በማግሥቱ ትንሽ ጨመረች። በአምስተኛው ቀን ራሷ አፏን ከፈተች። በዘጠነኛው ቀን ጃርት አንዷን እሾህ አንኳኳች፤ ድምፁ ጥፍም አልነበረም፣ ቀጭም አልነበረም።

"ከሥሯ መድረቅ ጀምራለች" አለ ሙቀጫው። "ወር ስጪያት።"

ወር ግን አልነበረም። በማግሥቱ ማለዳ ጉሙ ተገፈፈ፤ ገደሉ ፍንትው ብሎ ታየ። አያ ጅቦ በገደሉ በኩል እያነከሰ ወረደና ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እመት ጃርት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወልደሽ ሳልጠይቅሽ ዘገየሁ።"

"ግድ የለም፣ ሂድ።"

"እሄዳለሁ። ልጅሽ እሾኋን ታሳየኝና እሄዳለሁ። ወጉ ይኸው አይደል?"

አለኝታ እናቷ እንዳስተማረቻት እግሯን አጥብቃ ቆመች። እሾኋን ሁሉ አቆመች። ሁሉም እንደ ረጠበ ሣር ወደ አንድ ጎን ጋደል አለ።

ጅቡ አልሳቀም። ዝም ብሎ ቀረበ። ጃርት ልጇን ከሆዷ ሥር ከተተችና ጀርባዋን ሰጠችው። የእሷ እሾህ ደረቅ ነው፤ እሷ ስትወለድ ጎረቤት ሁሉ ያዋጣላት ጭብጥ እዚያ እሾህ ውስጥ አለ። ጅቡ በቀኝ መጣ፤ ተወግቶ ተመለሰ። በግራ መጣ፤ አፍንጫውን ተወግቶ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ በሆዷ ሥር መጣ። የጃርት ሆድ እሾህ የለውም። ጅቡ አለኝታን ይዞ በገደሉ ወጣ። ጃርት እስከ ገደሉ ጫፍ ተከተለችው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረም።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልነግራችሁም። ከእናንተ መሐል ልጅ የቀበረ ያውቀዋል፤ ያልቀበረም አይወቀው።

በሦስተኛው ቀን ከአምባው መልእክተኛ መጣ። እሜቴ ጉሬዛ ሰምታ ከልቧ አዝና ነበር። አዝና ምን ላከች መሰላችሁ? ለለቅሶው ስኳር ላከች። በአዲስ ኮባ የተጠቀለለ፣ ትልቅ ስኳር።

ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑን ስኳሩ ላይ ጣለ። ቀድሞ የተናገረው ስኳር ራሱ ነው።

"ሁላችሁም እኔን ታያላችሁ" አለ። "እኔ ምን አጠፋሁ? በግድ የገባሁበት ቤት የለም፤ አክብራችሁ ነው ያስገባችሁኝ። እሜቴ ቤትም አለሁ። የእሜቴን ልጆች ጅብ በላቸው?"

ጃርት ቀስ ብላ ተነሣች።

"የእሜቴ ልጆች የሚልሱህ ከበሉ በኋላ ነው" አለችው። "የኔ ልጅ ግን አንተን ብቻ ልሳ ነው የሞተችው።"

ጃርት አልጣለችውም። በኮባው መልሳ ጠቀለለችውና ከፍ ካለው የጣሪያ ወጋግራ ላይ አንጠለጠለችው። ከሥሩ ሙቀጫውን አቁማ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች።

በዓመቱ የአህያዋ ልጅ ወለደች። ቀድማ የደረሰችው ጃርት ነበረች፤ ጭብጥ ባቄላ ይዛ። ባቄላውን ራሷ ወቀጠችው። ቆቅ እንቁላሏን ይዛ መጣች፣ ፍልፈል ጎደሬውን ገፍቶ መጣ። ወደ አምባው የሚወጣው እንቁላልና ባቄላ አነሰ፤ እሜቴ ጉሬዛም "ምን አስቀየምናቸው?" እያለች ስትገረም ኖረች ይባላል። ሄዶ የነገራት የለም። መንገሩስ ይጠቅም ነበር፤ ያንን አለማድረጋቸው ስሕተት ነው እላለሁ።

እመት ጃርት ሌላ ልጅ አልወለደችም። ግን በሄደችበት ሁሉ የጭራዋን እሾህ እርስ በርሱ ታንኳኳ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጃርት ዛሬም ስትሄድ ይሰማል። አንዳንዱ ጅብን ለማስፈራራት ነው ይላል። እኔ ግን ለጎረቤት እናቶች ይመስለኛል፤ ልጅሽ ምን በላች፣ ምን በላች፣ ምን በላች ማለቷ ነው።

እንግዲህ ተረቴ ይኸው ነው። ስኳር መርዝ ነው አላልኩም፤ ሻያችሁንም ጠጥቻለሁ። ጣፋጭ ነገር የሚያምረው በልቶ ለጠገበ ነው። ላልበላ ልጅ ግን ጣፋጭ ሰጥቶ "አበላሁት" ማለት፣ የሰጪው እጅ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ልጁን ለጅብ ማለስለስ ነው።

አሁን ልነሣ። ለተረቴ የምትከፍሉኝ ካለ አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃኛል። ብቻ ሁለታችሁ ኑና አግዙኝ፤ ይህን ሙቀጫ እናቅናው።